ጅቡን ማን ይያዘው?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት የተረተው ልጁ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ተረትና ምሳሌዎቻችንን ሰብስባችሁ ብታዩ፣ ስለ ልጅ የተነገሩት አብዛኞቹ ከትልቅ ሰው አፍ የወጡ ናቸው። ሥነ ቃል በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «እስቲ ደግሞ ልጅ ስለ ትልቅ ሰው የተረተውን አምጡልኝ» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኛኮ ተረቱን ሳንጨርስ ዝም በሉ እንባላለን» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እስቲ ተረቱን መልሳችሁ አጢኑት። የልጅ ሊጥ ለእራት የማይበቃው ልጁ ማቡካት ስለማይችል ነው ወይስ ዱቄቱን የሰጡት ለማጫወቻ ያህል፣ እፍኝ ብቻ ስለሆነ? እፍኝ ዱቄት ቢሰጧት የሠለጠነች ወይዘሮስ ብትሆን ለቤተሰብ የሚበቃ እራት ከየት ታመጣለች?

እናላችሁ፣ ይህ ጥያቄ ባልታሰበ አቅጣጫ፣ በባሕር በኩል ወደ ቤታችን መጣ። «የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ደግሞ ስለ ባሕር ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። እውነት ነው፣ እኛ ሰፈር ነፋስ ሞልቷል፤ የጎደለው ባሕር ነው። ቅርባችን ያለው ሰፊ ውኃ ገፈርሳ ነው። እሱም በቧንቧ በፈረቃ ይጎበኘናል እንጂ ጀልባ አይንሳፈፍበትም። ዳሩ ግን በጥር 2017 ዓ.ም. ከወደ እንግሊዝ አገር እንግዳ መጣብኝ።

እንግዳው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አባቱ የባሕር ኃይል ባልደረባ ስለነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው ምጽዋ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከደርግ እጅ ስትወጣ ባሕሩ ከቤታቸው ወጣ፤ ከልጁ ሆድ ግን አልወጣም። ከሃያ ዓመት በላይ በሰው አገር ኖሮ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዛ። አሁን በየእሑዱ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ጋር ሆኖ ይወዳደራል። ጀልባዋ ካታማራን የምትባለው ዓይነት ናት።

«ካታማራን ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

ተነሳና በር ላይ የነበሩትን ሁለት ነጠላ ጫማዎች አምጥቶ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ደረደራቸው። «እነዚህ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ናቸው በል። በመካከላቸው እንደ ጠፍር አልጋ የተወጠረ መቀመጫ አለ። እኔና ልጄ እዚያ ላይ ነን። ከሥር ሚዛን የሚጠብቅላት ከባድ ብረት የለም። ሚዛኗ እኛው ነን። ነፋስ ሲበረታ በነፋሱ በኩል ያለው ጫማ ከውኃው ይነሳል። ያን ጊዜ ወደዚያው ጎን ወጥተን ወደ ውጭ እንንጋለላለን። ካልተንጋለልን መገልበጥ ነው።»

ከዚያ የቡና ስኒ መሸፈኛውን ጨርቅ አንስቶ ሸራውን አሳየኝ። «ትልቁ ሸራ ይሄ ነው። ከእሱ ፊት ደግሞ ሌላ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሸራ አለች፤ ጂብ ትባላለች። ጂቧን የምትይዘው ልጄ ናት።»

ባለቤቴ ከማድቤት ብቅ አለች። «ምን አልክ? ልጅህን ጅብ አስያዝካት?»

ኮልፌ እንግዲህ ማታ ማታ ጅብ ከየወንዙ ገደል ወጥቶ ቆሻሻ ገንዳ የሚጎበኝበት ሰፈር ነው። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜማ እናቴ ከመሸ ውጭ እንዳልወጣ የምታስፈራራኝ በእሱ ነበር። ስለዚህ «ጂብ» ጅብ አለመሆኑን ባለቤቴን ለማሳመን አንድ ሙሉ ስኒ ቡና ፈጀ። በነገሩ በጣም የሳቀው ግን ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲጎረጉር የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ከብዙ ወር በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ስለ እሱ ወደ ኋላ አጫውታችኋለሁ፤ አሁን ጫማዎቹ ከምንጣፉ ሳይነሱ የጂቧን ነገር ልጨርስ።

ከእነዚህ ትንንሽ ካታማራኖች አንዳንዶቹ አንድ ሰው ብቻውንም የሚወዳደርባቸው ናቸው። እንግሊዞቹ ስፕሪንት 15 የሚሏት፣ ቀድሞ ዳርት 15 ትባል የነበረች አለች። የነደፋት ሮድኒ ማርች የሚባል ሰው ነው፤ እስከ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ድረስ ስትወዳደር የኖረችውን ቶርናዶ የተባለች ካታማራንም የነደፈው እሱ ነው። በስፕሪንት 15 ብቻውን የሚወዳደር ሰው በዋናው ሸራ ብቻ መሄድ ይችላል። ሁለተኛ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ልጁን፣ ሲጨምር ግን ጂቧን ይጨምራል።

ይህቺን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። «ልጅ ሲጨመር ሸራ ይጨመራል ነው የምትለኝ?»

«አዎ። ልጅ ስትጨምር ክብደት ጨመርክ። ስለዚህ ጉልበትም መጨመር አለብህ። ያቺን የተጨመረች ጉልበት የሚይዘው ደግሞ የተጨመረው ሰው ነው።»

እኛ አገር ልጅ ሲጨመር የሚጨመረው ሌላ ነገር ነው፦ ወጪ፣ ሐሳብ፣ «አደራ እንዳይወድቅ»፣ «አደራ እንዳይነካ»። ሸራ የጨመረ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ።

ጂቧን መያዝ ታዲያ ገመድ ጨብጦ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ካታማራን ቀጥ ብላ ስትሄድ እንደ ቀስት ናት፤ መዞር ላይ ግን ግትር ናት። ነፋሱን ፊት ለፊት አቋርጣ መዞር ሲኖርባት መሃል ላይ ቀጥ ትላለች፤ ብትለምናትም አትሰማህ። ያኔ የምታድናት ጂቧ ናት። ትልቁ ሰው መሪውን ሲያዞር ልጅቷ የጂቧን ገመድ ቶሎ አትለቅም፤ በነበረበት ጎን እንደያዘች ትቆያለች። ነፋሱ ጂቧን ከወዲያ በኩል ይመታትና የጀልባዋን አፍንጫ ገፍቶ ያዞረዋል። አፍንጫው መስመሩን ሲያልፍ ልጅቷ ትለቃለች፤ ወዲያው በሌላው ጎን ትስባለች። ቀድማ ከለቀቀች ጀልባዋ ነፋሱ ፊት ተገትራ ትቀራለች። ከዘገየች ደግሞ ፍጥነት ይሞታል። አባትየው መሪውን ይዞ ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ የሚያመጣው ለውጥ የለም። በዚያች ሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ጀልባዋ ያለችው በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ ነው።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አልኩት። ለካ አበው ስለዚህች ጂብም ተርተዋል!

ሌላም አለ። ጂቧ ስትወጠር በእሷ በኩል ያለውን ውኃ ከመሪው ሰው ዓይን ትከልላለች። ከዚያ በኩል የሚመጣ ጀልባ ቢኖር ቀድማ የምታየው ልጅቷ ናት። «ከታች ጀልባ አለ» ካለች አባት አይከራከርም፤ እሱ አያየውማ! በዕድሜ፣ በእውቀት፣ በገንዘብ የሚበልጣት አባቷ እሷ ለምታየው ነገር ዕውር ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከመዞር በፊት የሚባለው ነገር ነው። መሪ የያዘው ሰው መዞር ሲፈልግ «ተዘጋጀሽ?» ብሎ ይጠይቃል። «ተዘጋጅቻለሁ» የሚል መልስ ሳይሰማ አያዞርም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሰሞን ይጮህባት እንደነበረ ነገረኝ። አንድ እሑድ ልጅቷ ገመዱን በእጇ እንደያዘች ዞር ብላ፣ «አባ፣ ከመዞርህ በፊት ከነገርከኝ እኮ አደርገዋለሁ። ከዞርክ በኋላ ስትጮህ ግን ምን ላድርግ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱ ቀነሰ፤ ደረጃቸውም ከፍ አለ አለኝ።

ጓደኛዬ ይህን ሲያወራ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። የሪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ነው። እኛ አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን በሰበረችበት ደስታ ሰክረን ቴሌቪዥኑን መዝጋት ረስተን ነበር። ከአራት ቀን በኋላ የካታማራን ውድድር መጣ። ናክራ 17 በምትባለው ጀልባ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው ይወዳደራሉ። ከአርጀንቲና የመጡት ሳንቲያጎ ላንጌና ሴሲሊያ ካራንሳ ሳሮሊ ነበሩ። እሱ 54 ዓመቱ፣ እሷ 29። ሰውዬው ከአንድ ዓመት በፊት በካንሰር ምክንያት ከሳንባው አንዱን ክፍል በቀዶ ሕክምና ያወጡለት ነው። በመጨረሻው ውድድር ላይ ቅጣት ደርሶባቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ታግለው ስድስተኛ ወጡና በድምሩ አውስትራሊያን በአንዲት ነጥብ በልጠው ወርቁን ወሰዱ። በዚያው ኦሎምፒክ በሌላ ጀልባ ይወዳደሩ የነበሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ወደ ውኃው ዘለው፣ እየዋኙ ሄደው አባታቸውን አቀፉት።

የዚያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ የጻፈው ስለ ሽማግሌው ነበር። ሳንባው፣ ዕድሜው፣ ጽናቱ። የሚገባው ነው፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ክልል ያለሁ ሰው ነኝና ደስ ብሎኛል። ግን ሳንባው የጎደለ ሰው ጀልባውን ብቻውን ወደ ወርቅ አላደረሰውም። መሪው በእሱ እጅ ሲሆን ገመዱ በእሷ እጅ ነበር። «ለአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይባል የለ? ሁለቱ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው መድኃኒቱ። አንዱ ብዙ ነፋስ ያየ፣ አንዷ እጅና ዓይኗ የፈጠነ። ከአምስት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ የአርጀንቲናን ባንዲራ ሲይዙም ሁለቱም አንድ ላይ ነበር የያዙት።

አሁን «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ነገሩን ከመስማቴ በፊት አውቀው ነበር። አባቴ አጠና ተራ እንጨት ይነግዱ ነበር። የዛሬው አጠና ተራ ስሙ የታክሲ መጫኛ ሆኖ ቀረ እንጂ ያኔ የባሕር ዛፍ ሽታ ከሩቅ ይቀበላችሁ ነበር። ግንድ የሚቆረጠው በሁለት ሰው መጋዝ ነው፤ ወዲህና ወዲያ እጀታ ያለው ረጅም መጋዝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አንዱን እጀታ አስያዙኝ። መጋዙን የያዘ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው መግፋት ነው። ሲገፋ መጋዙ ይለመጥና እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል። አባቴ ቆም ብለው፣ «መግፋት የለም። ሳብ፣ ከዚያ ልቀቅ። የቀረው የእኔ ሥራ ነው» አሉኝ።

ሳብ፣ ልቀቅ። ከዚህ ሌላ ትምህርት የለውም። ስለቅ አባቴ ይስባሉ፤ ሲለቁ እኔ እስባለሁ። አባቴ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ሆኖም እኔ ካልሳብኩ መጋዙ አይመለስም፤ ግንዱም አይቆረጥም። የዚያን ቀን ማታ እጄ ውኃ ቋጥሮ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ ነበር። እናቴ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ ግን ለአባቴ እራት መቅረቡን ሳይ የእኔም ጉልበት ያለበት መሰለኝ። ያቦካሁት ለእራት በቅቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልጅ እንመለስ። እህቴ ካረፈች ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው ያደገው። የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዱ ነበር። የዚያን ዓመት ፈተና ያለፉት ከመቶ 5.4 ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.2፣ ከእሱ በፊትም 3.3 ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች ሲነገሩ ሁላችንም ስላለፉት እናወራለን፣ ስለ ኩረጃ እናወራለን፣ ስለ ትምህርት ጥራት እናወራለን። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚሆኑት ልጆች ግን በማግስቱ ጠዋት ተነስተው የት ነው የሚሄዱት? የትም። አልጋቸው ላይ ናቸው። በየቤቱ ጥግ ስልክ ይዘው የተቀመጡት እነሱ ናቸው።

የእኛም እንዲሁ ተቀመጠ። እኔ እመክራለሁ፣ ባለቤቴ ትመክራለች፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ዘመድ በስልክ ይመክራል። ልጁ ጀልባው ላይ አለ፤ በእጁ ግን ገመድ የለም።

ጓደኛዬ በሄደ በሦስተኛው ወር ልጁ አንድ ማታ መጣና፣ «ጋሼ፣ ታክሲ ላይ በረዳትነት ልሠራ ነው» አለኝ። ከዓለም ባንክ መርካቶ የሚሠሩ፣ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው የሰፈራችን ሹፌር ረዳት ይፈልጋሉ። ቤቱ ተናወጠ። ባለቤቴ፣ «ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከኖረ ሰው ቤት ወያላ ይውጣ? የእናቱ አጥንት አይወቅሰንም?» ብላ አለቀሰች። ስድብ አልነበረም፤ አደራ ከብዷት ነው። እህቴ ስትሞት እጇን ይዛ አደራ የተቀበለችው እሷ ናትና።

እኔ በነጋታው ሹፌሩን ፈልጌ አገኘኋቸው። ደመወዝ አልጠየቅኋቸውም፤ እሱን ልጁ ይጠይቅ። «ልጁን ምን ያስይዙታል?» ነበር ያልኳቸው። ሰውዬው ትንሽ አሰቡ። «መጀመሪያ በሩን። ከዚያ ሒሳቡን፤ ማታ ማታ አብረን እንቆጥራለን። እጁ ከታመነ ወረፋ ላይ መኪናዋን ያስጠጋል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ደግሞ…» አሉና መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔም እንዲህ ነው የጀመርኩት ጋሼ። ዓይኔ ማታ ማታ እየደከመ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ በእሳቸው ታክሲ እሄዳለሁ። ወደ ጦር ኃይሎች ስንወርድ ልጁ በሩ ላይ ነው። ሹፌሩ ጆሮ እንጂ ዓይን ወደ ኋላ የላቸውም። «ወራጅ አለ!» ሲላቸው ይይዛሉ፤ «ሳበው!» ሲላቸው ይሄዳሉ። አሮጊት እየወረዱ ከሆነ፣ ሕፃን ልጅ ከኋላ እየሮጠ ከሆነ፣ የሚያየው እሱ ነው። ስልሳ ዓመት የደረሱ ሰው «ሳበው» እስኪባሉ ድረስ እግራቸውን ፍሬን ላይ አድርገው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ይጠብቃሉ። አጠና ተራ በመጋዝ «ሳብ» የተባልኩት እኔ፣ ዛሬ እዚያው አጠና ተራን አልፌ ስሄድ ያቺው ቃል ከእህቴ ልጅ አፍ ስትወጣ እሰማለሁ።

አንድ ማታ፣ «ደከመህ?» አልኩት። «ደክሞኛል» አለኝ። ቀጥሎ የተናገረውን እንዳለ ላስፍረው፦ «ጋሼ፣ ቤት ስቀመጥ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያወራ ነበር። ታክሲው ላይ ግን እኔን ይጠይቀኛል።»

ልብ በሉልኝ፤ ልጅን ሥራ ማስገባት ሁሉ ጂብ ማስያዝ ነው እያልኩ አይደለም። በየታክሲው በር ላይ ትምህርት ቤት መሆን የነበረበት የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሌሊት ወጥቶ ማታ ሲገባ፣ ቀኑን ሙሉ ስድብ ሲጠጣ፣ ሒሳብ ሲጎድል ከደመወዙ ሲቆረጥበት አይቻለሁ። እሱን ጀልባዋ ላይ የጫኑት ለክብደቱ ነው። ሆቢ 16 በምትባለው ካታማራን የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ክብደት ተደምሮ 129 ኪሎ ገደማ ካልሞላ፣ የጎደለውን ሌላ ክብደት ጭነው እንዲሞሉ ደንቡ ያዛል። እንግዲህ ሰው የሚፈለገው ለክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጆንያ አሸዋ ይበቃ ነበር። አሸዋ አይጠየቅም፤ ከዛሬ ነገ የተሻለ ነገርም አይማርም። ልጃችሁን የያዘው ሰው አሸዋ አድርጎት እንደሆነና እንዳልሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ።

ቤታችን ውስጥስ? ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ዕቃ የሚጭነው አይሱዙ በር ላይ ሲቆም ነው ልጆቹ ሰፈር እንደሚለቁ የሚያውቁት። ጓደኛቸውን ሳይሰናበቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት ሲቀየር፣ እናት ዓረብ አገር ስትሄድ፣ አባት ሌላ ቤት ሲሠራ፣ ልጅ የሚሰማው መሪው ከዞረ በኋላ ነው። ከዚያ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የተቀየረው?» እንላለን። ከሥነ ጽሑፋችን ምስክር ጥሩ ካላችሁኝ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እጠራለሁ። በዛብህን ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ተሳሉበት። ስእለቱ ከፍቅር፣ ከጭንቀት የመጣ ነው፤ ማንም አይነቅፋቸውም። ግን ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሄደው ሳይጠየቅ በዞረ ጀልባ ላይ ነው። መጨረሻውን ያነበባችሁ ታውቁታላችሁ።

«ታዲያ ልጅ መሪውን ይያዝ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጓደኛዬ መሪውን ለልጁ አልሰጣትም፤ አባቴም መጋዙን ጥለውልኝ አልሄዱም፤ ሹፌሩም አሁንም መሪው ላይ ናቸው። ጥያቄው ስለ ትንሿ ሸራ ነው። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየዕድራችን ሁለቱንም ገመድ በአንድ እጅ ጠቅልለን ይዘን፣ «ይሄ ትውልድ ኃላፊነት አይወድም» እንላለን። የዕድር ጸሐፊያችን ከእኔ በዕድሜ ብዙ ይበልጣሉ፤ መዝገቡን የሚጽፉት በመነጽር ላይ ማጉያ መስተዋት ደርበው ነው። ድንኳን የሚሸከሙት ግን ወጣቶቹ ናቸው። ድንኳኑ ለክብደት፤ መዝገቡ ለእኛ።

ደግሞም መዞሩ አይቀርልንም። ቀጥ ብሎ ሲኬድማ ልምድ ይበቃል። ሲዞር ነው ጀልባዋ የምትገተረው። እኛ ሃምሳዎቹና ስድሳዎቹ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ መዞሪያው ላይ ደርሰናል። ጂቧን ጨርሶ አስይዘነው የማናውቀውን ልጅ በመዞሪያው ሰዓት «በል እንግዲህ ሳብ!» ብንለው የቱን ገመድ ይስባል?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሥራ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ፣ «ጋሼ፣ እትዬም ትስማ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። ባለቤቴ ደንግጣ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። ልጁ ዘንድሮ ፈተናውን በግሉ መልሶ ሊወስድ ተመዝግቧል። ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሮ ሳምንቱን ለሁለት ሊከፍለው ነው፤ ግማሹን ጥናት፣ ግማሹን ሥራ። ስለዚህ ለአስቤዛ የሚያዋጣው ገንዘብ ይቀንሳል። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱም ለክረምት ይተላለፋል። ፈተናውን ሊያልፍም ላያልፍም ይችላል፤ እሱንም ቆጥሮታል። ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ከዘረዘረ በኋላ እንዲህ አለ፦

«ከመዞሬ በፊት ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

ለካ የዚያን ቀን ጥግ ላይ ስልኩን እየጎረጎረ ሁሉንም ሰምቷል። እኔ የምለው ጠፋኝ። ባለቤቴ ግን ጭልፋዋን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ፣ «እኛ ተዘጋጅተናል ልጄ» አለችው፤ «ዙር።»